የህሩይ ቀኝ እጅ

ጥያቄውን ያነሳችው ትዕግስት ናት። ለጤና ተማሪዎች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ የዚያን ቀን ከመማሪያ መጽሐፋቸው አንድ ገጽ እያነበብን ነበር። እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ የተሰበረ አጥንት ሪዲዩስ ይደረጋል ይላል። አጥንት እንዴት ነው የሚቀነሰው?» አለች። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ፣ አንቺን ከዚህ በላይ ከቀነሱሽ ከወንበር ሥር ነው የምንፈልግሽ አላት። ክፍሉ ሳቀ። ትዕግስት አጭር ናት።

እኔ ግን ደስ አለኝ። ስኮትላንድ ብዙ ዓመት ተቀምጬ ያጠናሁት የቃላትን አመጣጥ ነው፤ ጎንደር ከተመለስኩ ወዲህ ይህን እውቀት የሚፈልግ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም ነበር። ለምን እንደተመለስኩም በቅጡ አላውቅም። ማራኪ ሰፈር በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ሻንጣዬ ገና ሙሉ በሙሉ አልተራገፈም።

ስለዚህ አስረዳኋቸው። ሪዲዩስ ሲባል ዛሬ ሁላችንም የምንሰማው መቀነስን፣ ማሳነስን ነው። ዋጋ ይቀነሳል፤ ደመወዝ ይቀነሳል። ቃሉ ሲወለድ ግን ከማነስ ጋር አልተዋወቀም። ላቲኖች «ሬ» ሲሉ ወደ ኋላ ማለታቸው ነው፤ «ዱኬሬ» ሲሉ ደግሞ መምራት። የተበተነ ጭፍራውን ሰብስቦ ወደ ሰፈሩ እየመራ የሚመልስ አዛዥ የሚሠራውን ሥራ ነበር በዚህ ቃል የሚጠሩት። እንግሊዞች ተቀብለው መጀመሪያ በዚያው በመመለስ ትርጉሙ ተጠቀሙበት፤ የሳተን ሰው ወደ ቀናው መንገድ መመለስ ይሉበት ነበር። ቀጥሎ ያመጸን አገር ወደ መገዛት መመለስ ሆነ። የተገዛ ያንሳልና ከዚያ ማዋረድ ሆነ። መቀነስ የሆነው በመጨረሻ፣ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ነው። አሮጌውን ትርጉም ሳይጥሉ የያዙት ሐኪሞች ናቸው፤ አጥንት ሪዲዩስ ማድረግ ማለት ከቦታው የወጣውን አጥንት ወደ ቦታው መልሶ ማምጣት ነው። ትዕግስት ጻፈችው። ሌሎቹ ፈተና ላይ ይመጣል ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ማታ ለአባቴ ስደውል ይህንኑ ነገርኩት። አባቴ ቄስ ተክለ ጊዮርጊስ ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብላ ባለች ደብር ያገለግላል። የእኔን ውጭ አገር መማር እንደ ረጅም ሕመም ነው የሚያየው፤ ይለፍ እንጂ ምን እንደነበር አይጠይቅም። የዚያን ማታ ግን ጆሮውን ሰጠኝ። ግዕዝ አዋቂ ነውና የቃል ሥር ሲነሳለት ዝም ማለት አይችልም።

«እንግዲያው ሚጠት ነዋ» አለኝ። «ሜጠ፣ መለሰ። ሚጠት፣ መመለስ። እመቤታችን ከግብፅ ስትመለስ የምንለው። እንግሊዞችም ያውቁታል ለካ።»

በሕይወቴ ከአባቴ ጋር እንዲያ ተግባብቼ አላውቅም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብቻዬን ፈገግ ብዬ ተቀመጥኩ።

ብዙም ሳይቆይ ታናሽ ወንድሜ ህሩይ ከቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ወደቀ። ንፋስ ያነሳውን ቆርቆሮ ሊመታ ወጥቶ ነበር። የቀኝ እጁ ከክርኑ በታች ተሰበረ። ህሩይ ዲያቆን ነው፤ ፅዮንን በቁርባን አግብቶ፣ ከቁስቋም በዓል በኋላ ሊቀስስ ቀኑ ተቆርጦለት ነበር። አባቴ ሲያረጅ መንበሩ ፊት የሚቆመው እሱ ነው። እኔ የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ብሆንም ያ ቦታ የእኔ እንደማይሆን ካወቅን ቆይተናል።

መንገዱ በዚያ ቀን ክፍት ነበር። ጎንደር ይዘውት ቢወርዱ ከሰዓት ይደርሱ ነበር። አባቴ አልፈለገም፤ ህሩይም አልፈለገም። በዚያ አካባቢ ሆስፒታል እጅ ይቆርጣል የሚል ወሬ አለ፤ እጁ የተቆረጠ ደግሞ አይቀስስም። የቅዱስ ሥጋውን ጻሕል በምን ያነሳዋል? በምን ይባርካል? ስለዚህ ወጌሻውን አያ ሰውአገኝን ጠሩ።

አያ ሰውአገኝ የታወቀ ወጌሻ ነው። እኔም ሕፃን ሳለሁ የወለቀ ትከሻዬን የመለሰልኝ እሱ ነው። አንድ ልማድ አለው። የታሰረው ሰው ሕመም ሲጠናበት እንዳይፈታው፣ ሚስትም አዝና እንዳታላላ፣ ካሰረ በኋላ ቄስ አስጠርቶ ያስገዝታል። ለህሩይ ያስገዘተው አባታችንን ነው። አባቴ መስቀሉን በታሰረው እጅ ላይ አኑሮ፣ «ሰውአገኝ ሳይመጣ፣ እኔም በመስቀሌ ሳልፈታ ይህ እስራት እንዳይፈታ» ብሎ ገዘተ። አያ ሰውአገኝ ሸጋ ሆኖ ታስሯል፣ ተመልሼ አየዋለሁ ብሎ ሄደ። ማክሰኝት ያለች እህቱ ሞታ ለቀብር ወረደ።

ከዚያ መንገዱ ተዘግቶ መኪና ቆመ። ለምን እንደቆመ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ ይቆማል፤ ደግሞ ይከፈታል። እኔ ወሬው ደርሶኝ፣ ከመቆሙ በፊት በመጨረሻው ሚኒባስ ነው አምባ ጊዮርጊስ የደረስኩት፤ ስልክም ወዲያው ጠፋ።

ህሩይ መደብ ላይ በትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። እጁ ከክርን እስከ አንጓ በቀርከሃ ስንጥር ተከቦ፣ በላዩ ጠፍር ተጠምጥሞበታል። ከጠፍሩ የሚወጡት ጣቶች የሰው ጣት አይመስሉም። ቆዳቸው ተወጥሮ ያብለጨልጫል፤ ጫፋቸው የበሰለ የአጋም ፍሬ ቀለም ይዟል። ነካሁት። እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይቀዘቅዛል።

«ይሰማሃል?» አልኩት።

«ትናንት ይሰማኝ ነበር» አለ።

አባቴን ወደ ውጭ ጠራሁት። ሐኪም አይደለሁም፤ ሆኖም ደም የማይደርሰው ሥጋ እንደሚሞት ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም አልኩት። እጁ እየሞተ ነው፣ ይፈታ አልኩት። አባቴ ወደ ገብሱ ማሳ እያየ ሰማኝ። ሰውአገኝ ይመጣል አለ። ሰውአገኝ ከጎንደር ወዲያ ነው፣ መኪና የለም አልኩት። ይመጣል አለ። አሁን ቢፈታ አጥንቱ ተጣሞ ይቀራል፤ በተጣመመ እጅ ቅዱስ ሥጋውን ማን ይይዛል? አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ መለሰ።

«አንተው አይደለህ የነገርኸኝ? አጥንቱ እየተመለሰ ነው። የሚመለስ ነገር ያማል። ሕዝበ እስራኤል ከባቢሎን ሲመለሱ መንገዱ አልጋ ነበር?»

ቃሉ ይህን አይልም ብዬ ልከራከር እችል ነበር። ቃሉ የሚለው የወጣው መመለሱን እንጂ የሚመልሰው ሰው ሥራውን ማወቁን አይደለም። ግን ከአባቴ ጋር አንድ ጊዜ ብቻ ያገናኘኝን ቃል በገዛ እጄ ሰጥቼዋለሁ፤ አሁን እንደ መቋሚያ ተደግፎት ቆሟል። ሊጥለው አልፈቀደም።

በማግስቱ ማለዳ አባቴ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ፅዮን ወደ ውኃ ሄዱ። ቤቱ ውስጥ ሽታ ጀምሮ ነበር። ፅዮን አደስ ነስንሳ ሄዳለች፤ ሽታው ግን ከአደሱ በታች አለ። ካራውን ከግድግዳው አወረድኩ። ህሩይ የተኛ መስሎኝ ነበር።

«ወንድምዓለም፣ መልሰህ ስቀለው» አለ።

«እጅህን ታጣለህ።»

«ጠፍሩን ብትቆርጠው ግዝት አፍርሼ ነው መንበሩ ፊት የምቆመው። እንዲያ ያለ እጅ ምን ያደርግልኛል?»

ቢላው እጄ ላይ እንዳለ ቆምኩ። ሊያቀልልኝ ፈልጎ ይመስለኛል፣ ከንፈሩ ደርቆ እያለ ሳቅ አለ።

«ስኮትላንድ ግዝት የለም?»

«አለ» አልኩት፤ «ግን በወረቀት ነው፣ ፈርመህ ትገባበታለህ።»

«ይሻላል። እኛን ሳያስፈርሙን ነው።»

እኔ በግዝት አላምንም። ካራውን ግን መልሼ ሰቀልኩት። እሱን ፈርቼ ይሁን አባቴን፣ ወይስ የማላምንበትን ነገር፣ ለይቼ ልናገር አልችልም። ፅዮን እንስራዋን አዝላ ከበሩ ቆማ አይታን ነበር። በኋላ እንጨት ልፈልጥ ስወጣ ተከትላኝ መጣች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነው የተናገረችኝ።

«ምነው ተውኸው? እኔ ብቆርጠው ባሏን ከክህነት ያስቀረች እባላለሁ። አንተ ከውጭ የመጣህ ነህ፤ አያውቅም ብለው ይተውህ ነበር።»

ከዚያች ቀን ወዲህ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ተናግሮኛል። እንደዚያ ልቤ የገባ የለም።

አያ ሰውአገኝ የመጣው በእሑድ፣ ቅዳሴ ከተገባ በኋላ ነው። ከማክሰኝት ጎንደር፣ ከጎንደር የወገራን ዳገት ሽቅብ በእግሩ ወጥቶ፣ እስከ ጉልበቱ አቧራ ለብሶ ደረሰ። ደጁ ላይ ዱላውን ሊያስደግፍ ሲል አፍንጫው ነገረው። ዱላው ወደቀ። ገብቶ ጣቶቹን አየና መሬት ተቀመጠ።

«ጠፍሩ አዲስ ነበር» አለ። ለማንም አልነበረም የሚናገረው።

ነገሩን የሰማሁት ያኔ ነው። አያ ሰውአገኝ የሚያስረው ብዙ ሰው የታሰረበት፣ የለሰለሰ፣ ደርቆ ያበቃ አሮጌ ጠፍር ይዞ ነው። ለህሩይ ግን አሮጌውን ተጸየፈው። ያ ጠፍር የበቅሎ እግር ታስሮበታል፣ የስንቱ ላብ ነክቶታል። ነገ ቅዱስ ሥጋውን የሚይዝ እጅ በዚያ አይታሰርም ብሎ፣ ከታረደ ያልሰነበተ በሬ ቆዳ አዲስ ጠፍር አስተልትሎ በእርጥቡ አሰረው። እርጥብ ጠፍር ሲደርቅ ያጥራል፤ ሲያጥር ያንቃል። በጥቅምት የወገራ ንፋስ ደግሞ ቶሎ ያደርቃል። ይህን ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። አክብሮቱ እውቀቱን አስረሳው፤ ቶሎ እመለሳለሁ ብሎም ነበር።

ቆረጠው። ጠፍሩ ሲለቅ ከሥሩ የወጣውን አልናገርም። ፅዮን ሰው ልካ አባቴን ለማስጠራት ሞከረች፤ አባቴ ግን ቀዳሽ ሆኖ መቅደስ ውስጥ ነው፤ የገባ ቄስ ቅዳሴውን ሳይፈጽም አይወጣም። መንገዱ የዚያን ማለዳ ተከፍቶ ነበርና ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመውት ሮጡ። እህል የጫነ አይሱዙ አሳፈረን። አባቴ ቀድሶ ሲወጣ እኛ ዳገቱን ወርደናል።

ሆስፒታል ያየችን ሐኪም ወጣት ናት። ለእኔ ለብቻዬ በእንግሊዝኛ ነገረችኝ፤ ቋንቋው ሕመሙን የሚያርቀው መስሏት ይሆናል። የወደቀ ዕለት ቢመጣ፣ አለች፣ ሪዲዩስ አድርገን፣ ጄሶ አስረን፣ ቤቱ እናሳድረው ነበር። አሁን ከክርኑ በላይ መቁረጥ ብቻ ነው የቀረው። ህሩይ ገብቶታል። ራሱ በአማርኛ ጠየቃት፤ ራሷ መለሰችለት። ከዚያ ፅዮንን፣ የእኔ ነገር ካንቺ ጋር የታሰረ ነው፣ ምን ትያለሽ አላት። ኑርልኝ አለችው። እሺ አለ።

ከተቆረጠ በኋላ ስለ ቅስና አንድም ቃል አላነሳም። ያስቸገረው ሌላ ነበር። እጄ ጨብጧል ይላል። የሌለው እጅ። ጣቶቼ መዳፌ ውስጥ ገብተዋል፣ ጥፍሬ እየወጋኝ ነው፣ ክፈቱልኝ ይላል። ነርሷ ይህ የተለመደ ነው፣ አንጎል ገና አልተቀበለውም አለችው። እኔም የሕመሙን ስም አውቀዋለሁ። ስሙን ማወቄ ምንም አልፈየደለትም።

«አባባ እኮ አልፈታውም» አለኝ። «ሰውአገኝ መጣ፤ ጠፍሩ ተቆረጠ፤ ግዝቱ ግን እንዳለ ነው። ለዚህ ነው የማይከፈተው።»

ስልክ ተመልሶ ነበርና ለአባቴ ደወልኩ። ከደጅ ሆኖ የሚተነፍሰው ይሰማኛል። አሁኑኑ ፍታለት አልኩት። ግዝት በስልክ አይፈታም አለ፤ መስቀል የነካውን መስቀል ነክቶ ነው የሚፈታው። እጁ የት ነው? አለኝ። የትኛው ብዬ ልጠይቅ ነበር፤ ተውኩት።

ሆስፒታሉ የተቆረጠ አካል ቤተሰብ ከፈለገ ይሰጣል። በፋሻ ተጠቅልሎ ሰጡኝ። ፅዮን ነጠላዋን አውልቃ ደረበችበት፤ እኔ መጽሐፍ የምይዝበትን ቦርሳ ባዶ አድርጌ ከተትኩት። ቀላል መስሎኝ ነበር። የሰው ክንድ ይከብዳል።

ኬላው ላይ ከሚኒባሱ አስወረዱን። ፈታሹ ልጅ ቦርሳዬን ነካ አድርጎ ምንድን ነው አለኝ። የወንድሜ እጅ ነው አልኩት። የምቀልድበት መስሎት ፊቱን አኮሳተረ። ክፈት አለ። ከፈትኩት። የነጠላውን ጠርዝ ገልጦ ወዲያው መለሰው፤ ቆቡን አወለቀ። የት ትወስደዋለህ አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ወደ ቤቱ እመልሰዋለሁ አልኩት። ይህን ስናገር ለተማሪዎቼ የነገርኩት አዛዥ ትዝ አለኝ፤ የተበተነውን ሰብስቦ ወደ ሰፈሩ የሚመራው። የእርሱ ጭፍሮች በእግራቸው ነበር የሚሄዱት።

አያ ሰውአገኝ ከእናታችን መቃብር አጠገብ ትንሽ ጉድጓድ ቆፍሮ ጠበቀኝ። ማንም ቆፍር አላለውም፤ ተው ያለውም የለም። አባቴ ካባውን ለብሶ፣ መስቀሉን ይዞ ቆሟል። በጥቂት ቀን ውስጥ ልብሱ ሰፍቶታል። ነጠላውን ፈታ፤ ፋሻውንም በገዛ እጁ ፈታ። እጁን ሲያየው ፊቱ አልተለወጠም። መስቀሉን በአንጓው ላይ አኑሮ ረጅም ጸሎት ደገመ። ለሙት የሚደገመው መሰለኝ፣ ግን አልነበረም፤ ወይም እኔ አልለየሁትም። በመጨረሻ እንደ ሰው አናገረው።

«በተሰጠኝ ሥልጣን አስሬህ ነበር። በተሰጠኝ ሥልጣን ፈትቼሃለሁ።»

አያ ሰውአገኝ ግንባሩን አፈሩ ላይ ደፋ። አባቴ ደግፎ አስነሳው። አንተ ጠፍሩን ብቻ ነው ያሰርኸው አለው። አፈሩን መለስንበት።

ከዚያ አባቴ ወደ እኔ መጣ። መስቀሉን ደረቱ ላይ በሁለት እጁ ይዞታል።

«ደውልና ጠይቀው» አለኝ።

መቃብሩ አካባቢ ስልክ አይሠራም፤ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ ሲወጣ ግን ይሠራል። ድንጋዩ ላይ ወጥቼ ደወልኩ። ፅዮን አነሳችና ወደ ጆሮው አስጠጋችለት። አባቴ ከታች ቀና ብሎ ያየኛል፤ ንፋስ ካባውን ያራግበዋል። ለህሩይ እንደተቀበረ ነገርኩት፤ ከእማማ አጠገብ አልኩት፤ አባባ መስቀሉን አኑሮ ፈታው አልኩት። ጣቶቹን እየሞከረ እንደሆነ ገባኝ። እኔም ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ። በማላምንበት ነገር እንዲያ ጠብቄ አላውቅም።

«እንደጨበጠ ነው» አለ።

አባቴ ከታች አንድ እርምጃ ቀረበ።

«አባባ እዚያ ነው?» አለ ህሩይ።

አዎ አልኩት።

«ተከፈተ በለው።»

ስልኩን ዘግቼ ከአጥሩ ወረድኩ። አባቴ አልጠየቀኝም፤ ፊቴን ብቻ ያየዋል።

«ተከፍቷል» አልኩት።

ዓይኑን ጨፈነ። መስቀሉን አሳለመኝ፤ ከተመለስኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳለምኩ። ከዚያ ካባውን ሰብስቦ፣ የቀረውን ጸሎት ሊያደርስ ብቻውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገባ።